ለዳርቱ ልጅ የተሰጠ ቦርሳ

ዳርቱ ጎበናን የማያውቅ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ዘማሪ የለም። ይህን ስል ድምጿ ስለሚያምር አይደለም፤ እንዲያውም ስትዘምር ከጎኗ መቆም ያስቸግራል። በሰፈራችን ያሉትን የመዘምራን ቀሚሶች የምንሰፋው እኔና እሷ ስለሆንን ነው። ከታክሲ ወርዶ ዳገቱን ለሚወጣ ሰው ሱቃችን በስተቀኝ ነው፤ ቆርቆሮው አረንጓዴ የተቀባው። ሁለት በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች አሉን። እሷ በር ላይ ትሰፋለች፣ እኔ ከውስጥ። ስሜ ጥሩብርሃን ነው። ሙያውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ከእኔ እንደምትበልጥ ግን በፊቷ ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም እዚህ ላይ ብቻ ነው የምናገረው።

አንድ ልማድ አላት። አዲስ ያገባች ዘማሪ ቀሚስ ልታሰፋ ስትመጣ፣ ሳትጠየቅ ጎንና ጎኑ ላይ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ትተዋለች። ልጅቷ ከጥቂት ወር በኋላ እያፈረች ተመልሳ «እትዬ ዳርቱ፣ ትንሽ አስፊልኝ» ስትል፣ ዳርቱ ክሩን ተርትራ በአሥር ደቂቃ ታሰፋላታለች። የስንቱን ባል የምሥራች እኛ ቀድመን ሰምተናል! እኔ አራት ወልጃለሁ፤ ሁለቱን መቼ እንደፀነስኩ እንኳ አላስታውስም። እሷ ግን የሰው ወገብ ስታሰፋ ሠላሳ ስምንት ዓመቷን ደፈነች። አምላክ ለምን እንዲህ እንደሚያከፋፍል ልጠይቀው ቀጠሮ ይዣለሁ።

አባቷ አቶ ጎበና ከላይ የካ፣ ወደ እንጦጦ ጫፍ ነው የሚኖሩት። ገብስ ያመርቱበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ቆመዋል፤ ለእሳቸው የቀረው ጓሮውና ጥቂት ባሕር ዛፍ ነው። ባሏ ሚልኬሳ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ዝምተኛ ነው። ሰው ስለ ልጅ ሲጠይቀው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ወሬውን ወደ ኳስ ያዞራል። ብዙ ሰዎች «ሌላ አግባ» እንዳሉት አውቃለሁ፤ አንዷ የገዛ እናቱ ናቸው። አልሰማቸውም። ለዚህ ብቻ እወደዋለሁ።

ዳርቱ አንድ ጊዜ ፀንሳ ነበር፤ በሠላሳ ዓመቷ። በአራተኛው ወር ጽንሱ ወረደ። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ማህፀኗ መጠረግ አለበት አሉ፤ ጠረጉ። ደሙ አልቆም ሲል በሁለት ሳምንቱ ደግመው ጠረጉ። ከዚያ አንድ እፍኝ ክኒን ሰጥተው «ከባድ ዕቃ አታንሺ» ብለው አሰናበቷት። ያ ሁሉ መጠረግ ጠባሳ ሊተው እንደሚችል፣ ጠባሳው የወር አበባን ሊያስቀር እንደሚችል፣ የነገራት አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከወራት በኋላ የወር አበባዋ ሲቀር ምን እንዳሰበች መገመት አያስቸግርም። ሁለት ወር ቀረ፤ ሦስት ወር ቀረ። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻት ጀመር። ሲመኙት የማይመጣ የለም።

«እትዬ ጥሩ፣ የሽንት ምርመራ ላድርግ እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር። በእኛ ጉባኤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የምስክርነት ጊዜ አለ። ጌታ ያደረገልህን ወጥተህ ትናገራለህ። ብርቱ አማኝ የሚባለው ግን ያልተደረገለትን እንደተደረገ አድርጎ አስቀድሞ የሚያመሰግነው ነው፤ «የእምነት ምስጋና» እንለዋለን። ቪዛው ሳይመታ ስለ ቪዛው፣ ዕጣው ሳይወጣ ስለ ኮንዶሚኒየሙ። እኔም አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኳት፦ «ምን ምርመራ ያስፈልግሻል? ጌታ የሰጠሽን በሽንት ልታረጋግጪ ነው? ወጥተሽ አመስግኚ!»

ሰማችኝ። ወጥታ አመሰገነች። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የሴቶች ኅብረት በሁለተኛው እሑድ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ቦርሳ አምጥቶ በጉባኤው ፊት ሰጣት፤ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ጡጦ፣ አውራ ጣት የምታህል ካልሲ። እኔ ከዘማሪዎች ቀሚስ የተረፈ ነጭ ጨርቅ ነበረኝ፤ ከእሱ ትንሽዬ ቀሚስ ሰፍቼ ጨመርኩበት። ሚልኬሳም ትንሿን ክፍል ቢጫ ቀባ።

በሦስተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሳች። ባለሙያው መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያመላለሰ፣ «ማነው እርጉዝ ነሽ ያለሽ?» አላት። ማንም ሐኪም አላላትም፤ እኔ ነኝ ያልኳት። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ስም እያሰብኩ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኛ ጉባኤ ለመመስከር ቀን አለው፤ የመሰከሩትን ለመመለስ ግን ቀን የለውም። ማንም ውጣና «አልሆነም» በል አይልም። ሆዷ እንዳልገፋ ሁሉም ዓይን ያለው አየ፤ አንድም ሰው አልጠየቃትም። ሽማግሌያችን ጋሽ ኤጀታ ብቻ በመውጫው በር ላይ እጇን ይዘው «ጠላት ያዘገየዋል እንጂ አይሽረውም» አሏት። ቦርሳውን መመለስ ደግሞ የእግዚአብሔርን ስጦታ መካድ ነው። ለሌላ ሕፃን መስጠትም ያው ነው። እናም ቦርሳው ቢጫዋ ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሰባት ዓመት ተቀመጠ። በእነዚያ ዓመታት ከጉባኤያችን የተወለዱትን ሕፃናት ቁጥር አላውቅም፤ ለሁሉም ግን ዳርቱ አዲስ ልብስ እየገዛች ወስዳለች።

ዶክተር ርሆቦትን ያገኘናት ብዙ ቦታ ከዞርን በኋላ ነው። ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። በቀጭን ካሜራ የማህፀኗን ውስጥ አየችና አስቀምጣ ነገረቻት።

«የማህፀንሽ ግድግዳዎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በጠረጋው ጊዜ የቆሰለው ሲድን ጠባሳ ሆኖ ነው። ለዚህ ነው የወር አበባሽ የቀረው።»

ዳርቱ ትንሽ አሰበችና፣ «ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ ጋር አብሮ ተሰፍቷል ማለት ነው?» አለች።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። «ልክ እንደሱ ነው። ችግሩ ግን ገበሩም ራሱ አልቋል። ልጅ የሚይዘው ገበሩ ነው።»

ሁለት ጊዜ በካሜራ እየገባች ጠባሳውን ቆረጠችላት፤ ሆርሞንም ሰጠቻት። ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ተጣበቀ። ከሁለተኛው በኋላ ዳርቱ ሁለት ጠብታ ደም አየችና ሱቅ ድረስ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። ሁለት ጠብታ! ለሌላ ሴት ይህ ምኗ ነው? በሚቀጥለው ወር ያቺም ጠብታ አልመጣችም።

አምና በመጋቢት፣ ዶክተር ርሆቦት ራሷ ነገሩን አነሳችው። እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንደ ተስፋ እንዳትይዢው» አለች። «ውጭ አገር ስቴም ሴል የሚባል ህክምና እየተጠና ነው። ከራስሽ መቅኔ ህዋስ ይወስዱና ወደ ማህፀንሽ እንዲደርስ ያደርጉታል። ያለቀው ገበር እንደገና እንዲያድግ ነው ሐሳቡ። ጥቂት ሴቶች ላይ ተሞክሯል፤ አንዳንዶቹ የወር አበባቸው ተመልሷል፣ የወለዱም አሉ። ብዙዎቹ ግን ምንም አላገኙም። ገና ጥናት ነው። እዚህ አገር የለም።»

እንደ ተስፋ እንዳትይዢው! ለተጠማ ሰው ውሃ አሳይቶ እንዳትጠጣ እንደማለት ነው። ዶክተሯን አልወቅሳትም፤ እውነቱን መደበቅም ኃጢአት ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳርቱ ሌላ ሰው ሆነች። መቀሱን ይዛ ቆማ ታስባለች። «መቅኔ ከየትኛው አጥንት ነው የሚወስዱት?» ትለኛለች። «ያማል ይሆን? ቢያምም ግድ የለኝም።»

ወሬው አባቷ ጋ ደረሰ። አቶ ጎበና ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከጉልበታቸው ጋር ከተጣሉ ቆይተዋል። ከላይ ከየካ ተነስተው፣ ታክሲ አስጠልቷቸው ግማሹን በእግራቸው ወርደው ሱቃችን በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርውረው፣ በኦሮምኛ «ኢንተለ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ቀጠሉ።

«መቅኔ ከሆነ የሚፈልጉት፣ የእኔን ይውሰዱ። እኔ ምን ይሠራልኛል? የአርሶ አደር አጥንት ወፍራም ነው።»

«አባ፣ የራሴ መሆን አለበት አሉ።»

«የአንቺስ ከማን የመጣ ነው?»

ዳርቱ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች። ልብስ የሌለበትን መኪና መርገጥ ጀመረች፤ መርፌው ባዶውን ይወጣል ይወርዳል። ሽማግሌው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ዳገቱን ተመልሰው ወጡ። እኔ እነዚያን ጉልበቶች እያየሁ አለቀስኩ፤ ደግነቱ እሷ አላየችኝም።

ዶክተር ርሆቦት ለአንድ የጥናት ማዕከል በራሷ እጅ ጻፈችላት፤ የካሜራውን ምስልም አያይዛ ላከች። መልስ እስኪመጣ አምስት ወር ፈጀ። በዚህ መሀል ከመዘምራኑ አንዷ፣ የኔትወርክ ንግድ የጀመረች፣ «ስቴም ሴል» የሚል የተጻፈበት እንክብል ይዛልን መጣች። ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ለመካንነት፣ ለፀጉር መነቃቀል። ጨርቅ መቁረጫውን ይዤ ልነሳባት ስል ዳርቱ ቀድማ አንድ ብልቃጥ ገዛች። አንድ ወር ዋጠችው። ዶክተር ርሆቦት ብልቃጡን ገለባብጣ አይታ፣ «ይህ ደረቅ ቅጠል ነው፤ ህዋስ በብልቃጥ አይዋጥም» አለቻት። ዳርቱ የተረፉትን እንክብሎች ጣለቻቸው፤ ብልቃጡን ግን አጥባ ቁልፍ ታስቀምጥበት ጀመር። እንዲህ ናት፤ ምንም ነገር አታባክንም።

መልሱ በመስከረም መጣ። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እኛ አዙራ ቃል በቃል ተረጎመችልን። ተሳታፊዎች ለወራት ክትትል ማዕከሉ ያለበት ከተማ መኖር አለባቸው። ዕድሜያቸውም ከሠላሳ ስምንት በታች መሆን አለበት። ዳርቱ በጥቅምት ሠላሳ ስምንት ትደፍን ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስሉን አይተውታል፤ የጤነኛ ገበር ቅሪት ጨርሶ ስለማይታይ የሚጠቀሙበት መንገድ የሚሠራ አይመስላቸውም። መልካሙን ሁሉ ይመኛሉ።

«ሌላ ማዕከል የለም?» አልኩ እኔ። ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

«ልጽፍ እችላለሁ» አለች ዶክተር ርሆቦት። «ዳርቱ፣ እውነቱን ልንገርሽ? የሚለወጥ አይመስለኝም። ልክ እንደዚህ ሆነሽ ሌላ አምስት ዓመት እንድትጠብቂ አልፈልግም።»

ዳርቱ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም» አለች። ከዚያ ቀበና ድልድይ ድረስ አብረን በእግር መጣን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ይህን ተረት ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ድልድዩ ላይ ቆማ ወንዙን አየች። ክረምቱ አልፎ ነበርና ውሃው ቀንሷል።

«እትዬ ጥሩ፣ ቦርሳውን ልሰጠው ነው» አለችኝ።

«የትኛውን ቦርሳ?» አልኳት፤ እያወቅሁ።

«ያቺ የጉባኤያችን ጵርስቅላ በሰባት ወሯ ወልዳለች፤ ልጁ ምንም የለውም። ለእሷ እሰጠዋለሁ። በምስክርነት ቀን ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። እንደማልወልድ ይስሙና ይበቃኛል። እርጉዝ መባሉም፣ አለማርገዙም አድክሞኛል።» ከወንዙ ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ጋሽ ኤጀታ ማይኩን ከተቀበሉኝ ነገሩን ያዞሩታል። ያኔ ተነስተሽ ‹እውነቷን ነው፣ አብሬያት ሐኪም ቤት ነበርኩ› በይ። አንቺን ይሰሙሻል።»

«እነሳለሁ» አልኳት። «ብሞትም እነሳለሁ።»

እሑዱ ደረሰ። ዳርቱ ሰማያዊውን ቦርሳ ይዛ ወጣች። ሰባት ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አንድ ጎኑ ነጥቷል። ሚልኬሳ ከወንዶቹ ረድፍ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጵርስቅላ ከፊት፣ ድመት የምታህል ልጇን ደረቷ ላይ ጠምጥማ። ዳርቱ ማይኩን ያዘች።

«ከሰባት ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ ፀንሻለሁ ብዬ ነበር። አልፀነስኩም ነበር። ማህፀኔ ታሞ ነው የወር አበባዬ የቀረው፤ አላወቅሁም። ሐኪም የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ውጭ አገር ያለውም ህክምና ለእኔ አልሆነም። ልጅ አልወልድም። ከጌታ ጋር አልተጣላሁም። ይህን ቦርሳ ግን ለጵርስቅላ ልጅ ልስጠው ፍቀዱልኝ።»

በዚያ አዳራሽ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም። ከኋላዬ አንዲት ሴት ስቅስቅ አለች። ጵርስቅላ ከመቀመጫዋ ተነስታ አንድ እጇን ዘረጋች። ሆነ፣ አልኩ በልቤ፤ ተገላገለች።

ጋሽ ኤጀታ ወደ መድረኩ ወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉና በሌላው እጃቸው ማይኩን ቀስ አድርገው ወሰዱባት።

እኔ ተነሳሁ። በቃሌ መሠረት ተነሳሁ። ቆሜ፣ ከፊት ያለውን ወንበር ይዤ፣ «እውነቷን ነው» የሚለውን ቃል ጉሮሮዬ ላይ አዘጋጀሁ።

«እህቴ!» አሉ ጋሽ ኤጀታ፤ ድምፃቸው እየወጣ እየወጣ ሄደ። «ቦርሳውን መልሰሽ ያዢ! የዛሬ ዓመት፣ በዚህ መድረክ ላይ፣ ልጅሽን ታቅፈሽ ትቆሚያለሽ! የምታምኑ ሁሉ አሜን በሉ!»

«አሜን!» አልኩ።

ከሁሉ ቀድሜ ያልኩት እኔ ነኝ። ቆሜ ስለነበር ድምፄ ከሁሉ በላይ ተሰማ። ሃያ ዓመት ያ ድምፅ ሲጠራ የመለስኩት አንድ ቃል ነው፤ አፌ እሱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከእኔ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ፤ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ከበሮ። ጵርስቅላ የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ ልጇን አቀፈች። ዳርቱ በሰዉ መሀል ፈለገችኝ፤ ቆሜ ስላለሁ ለማግኘት አልተቸገረችም። አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቦርሳውን በማንገቻው አነሳችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሰኞ በሰዓቷ ሱቅ ገባች። ቁጣ ብታወርድብኝ ደስ ባለኝ፤ ሰደበችኝ ብዬ እገላገል ነበር። «እንዴት አደርሽ እትዬ ጥሩ» አለችኝ፣ እንደ ወትሮው። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ «ተይው» ብላ በሩ ላይ አስቀምጣው የነበረውን ቦርሳ አንስታ ወደ ውስጥ ገባችና ከእኔ መኪና ሥር አስቀመጠችው። «ቤት መልሼ አላስገባውም። አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለችና ሥራዋን ጀመረች። ረፋድ ላይ አንዲት አዲስ ሙሽራ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ዳርቱ ለካቻት፣ ጨርቁን ዘረጋች፣ በሁለቱም ጎን አራት ጣት ትርፍ ትታ ቆረጠች።

ቦርሳው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። መኪናውን በረገጥኩ ቁጥር እግሬን ይነካኛል።